እፍ አይባልበትም

ሰዓት ሠሪው የማንንም ሰዓት ከመክፈቱ በፊት አፉን በመሀረብ ያስራል። ጠዋት ሱቁን ይከፍታል፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፣ ነጭ ወረቀት ያነጥፋል፤ ከዚያ መሀረቡን ከኪሱ አውጥቶ ሁለት ጊዜ ያጥፍና አፍና አፍንጫው ላይ አድርጎ ማጅራቱ ላይ ይቋጥረዋል። የማጉያ መነጽሩን በቀኝ ዓይኑ የሚገጥመው ከዚህ በኋላ ነው። ሱቋ በአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይቆምባት የመስታወት ሳጥን ናት። ደንበኛ ሲመጣ በቅንድቡ ሰላም ይላል፣ በቅንድቡ ይጠይቃል። አዲስ ሰው ከሆነ "ጥርስዎን ታመሙ እንዴ?" ይለዋል። የቆዩት ለምደውታል።

ሥራውን ያስተማረው አጎቱ ነው። በሃያ ዓመቱ፣ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በአንድ የተከፈተ ሰዓት ጥርሶች መካከል ብናኝ አየና እፍ አለበት። አጎቱ ምንም ሳይናገር ጆሮ ግንዱን አጮለው፤ ቀጥሎ ሰዓቱን ብሎን ሳይቀር ፈታትቶ፣ በቤንዚን አጥቦ እንደገና እንዲገጥመው አዘዘው። ሁለት ቀን ፈጀበት። ሲጨርስ አጎቱ "እስትንፋስ ውሃ ነው፤ የአፍህን ውሃ የሰው ዕቃ ውስጥ አትትፋ" አለው። ከዚያ ወዲህ አርባ አንድ ዓመት አልፏል። ብናኝ ካለ በጎማ መንፊያ ያባርረዋል፤ በአልኮል የታጠበ ዕቃ ከሆነ ደግሞ በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል።

ሰዓቱን እቤቱ በቢላ ጫፍ ከፍቶ፣ እፍ ብሎበት፣ መልሶ ዘግቶ የሚያመጣ ሰው አይጠፋም። ሰዓት ሠሪው በትንሿ ብሎን ራስ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቡናማ የዝገት ነጥብ ያያል። ባለቤቱ አልነካሁትም ብሎ ይምላል። ሰዓት ሠሪው መሀረቡን ሳያወርድ "ከሦስት ወር በፊት ተነፍቶበታል" ይላል። ሰውየው ቀኑን በልቡ ያሰላና ዓይኑን ወደ ደረጃው ይመልሳል።

ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙት ባለፈው ዓመት ነው። አሁን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሆስፒታል ይገባል፤ በኩላሊት እጥበት ክፍል ወንበር ቁጥር ሦስት ላይ ተቀምጦ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ደሙ ወጥቶ በማሽን ታጥቦ ይመለስለታል። ማሽኑ የሚያያዘው ከአንገቱ ሥር ገብቶ ደረቱ ላይ ብቅ ካለ ቱቦ ጋር ነው። ሐኪሞቹ ካቴተር ይሉታል፤ ታካሚዎቹ ገመድ ይሉታል። ገመዱ ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ ቀይ ክዳን፣ አንዱ ሰማያዊ ክዳን ደፍቷል፤ በቀዩ ደም ይወጣል፣ በሰማያዊው ይመለሳል። ክዳኑ በተነሳ ቁጥር ያ ጫፍ ለልብ የተከፈተ በር ነው።

የመጀመሪያው ገመድ በቀኝ በኩል ነበር። አራት ወር አገለገለ። አንድ ረቡዕ ማሽኑ ከተከፈተ ሰዓት ሳይሞላ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር፤ ሦስት ብርድ ልብስ ደራረቡበት፤ ወንበሩ ከእሱ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር። ጀርም በገመዱ በኩል ደሙ ውስጥ ገብቷል ተባለ። አሥራ ዘጠኝ ቀን አልጋ ላይ ዋለ፣ ገመዱም ተነቀለ። በየት ገባ ብሎ ሲጠይቅ "ያጋጥማል" አሉት። ይህች ቃል አልጣመችውም። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ የቆመ ሰዓት ይዞ ለመጣ ሰው "ያጋጥማል" ብሎ ሰዓቱን መልሶ አያውቅም።

ሁለተኛው ገመድ በግራ በኩል ሲገባ ወጣቱ ሐኪም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በወረቀት ሣለለት። የቀኙ ደም ሥር ተዘግቷል። የግራው ይህ ነው። ይህም ከተመረዘ ሌላ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው፤ ላይገኝም ይችላል። መፍትሔው ክንዱ ላይ ነው፦ በቀዶ ሕክምና ሁለት የደም ሥሮች ተገናኝተውለታል፤ እነሱ ወፍረው መርፌ መሸከም ሲችሉ ገመድ አያስፈልገውም። ለመወፈር ግን ሦስት ወር ይፈጃሉ። ሐኪሙ ወረቀቱን አጥፎ ሰጠውና "እስከዚያ ይቺን ገመድ እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቋት" አለው። ሐኪሙ ይህን ያለው ሰው ሁሉ እንደሚለው ነው። ሰዓት ሠሪው ግን ትእዛዝ አድርጎ ወሰደው።

ገመዱ ከማሽኑ ጋር ሲያያዝ ታካሚው ማስክ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ትንፋሹ እንዳይነካው ነው። ሰዓት ሠሪው በመጀመሪያው ገመድ ጊዜ ይህን ደንብ አክብሮ አራት ወር ሙሉ የግድግዳውን ስንጥቅ ሲያይ ኖሯል። አሁን ግን ጠብቅ ተብሏል። በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ሰኞ፣ ከሱቁ አንድ የሰዓት የጀርባ ክዳን ወለውሎ በኪሱ አመጣ። ፊቱን እንደ ደንቡ ወደ ግድግዳ አዞረና ክዳኑን በመዳፉ ውስጥ እንደ መስታወት ያዘው።

ዋናዋ ነርስ ቀዩን ክዳን ፈታች። በአልኮል የራሰ ጥጥ አንስታ፣ ሰው በልቶ ከንፈሩን እንደሚጠርገው፣ የገመዱን አፍ አንዴ አበሰችው። ከዚያ ማስኳን ወደ አገጯ ሳብ አድርጋ ጎንበስ አለችና እፍ አለችበት። ሰማያዊውንም እንዲሁ። የእሱ አፍ ታስሮ ወደ ግድግዳ ዞሯል፤ የእሷ አፍ ከገመዱ ጫፍ ከስንዝር አይርቅም።

"ሲስተር፣ እፍ አትበይበት" አለ።

ይህችን ሴት በዚያ ክፍል ውስጥ ተይ ያላት ሰው አልነበረም። ታካሚዎቹ እጀ ላባ ይሏታል፤ መርፌዋ ሲገባ አይሰማም። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ዓመታት በሕፃናት ክፍል። አልኮል የሕፃን ቆዳ ሲያቃጥል እፍ ትልለታለች፤ ሕፃኑ ያቆማል፤ "አለቀ፣ አለቀ" ትለዋለች። ወደ ኩላሊት እጥበት ስትዛወር እፍታዋን ይዛት መጣች። አልኮሉ ቶሎ ስለሚደርቅላት ሥራም ያቀልላት ነበር። የክፍሉን ነርሶች በሙሉ ያሠለጠነቻቸው እሷ ናት፤ ሁሉም እፍ የሚሉት በእሷ አነፋፍ ነው፣ ከንፈራቸውን አሹለው፣ አንዴ አጭር፣ አንዴ ረዘም።

ነርሷ አልተቆጣችም። በዚህ እፍታ ስንት ልጅ እንዳሳደገች ነገረችው። እሱም ስለ አጎቱ፣ ስለ ብሎኑና ስለ ቡናማዋ ነጥብ ነገራት። እሷ ሰዓት እንደማትጠግን አስታወሰችው። እሱ አልኮል ሥራውን የሚሠራው በደንብ ሲፈተግበትና በራሱ ጊዜ ሲደርቅ እንደሆነ፣ የሚያጥብበትን አልኮል ከገዛበት ጊዜ ጀምሮ እንደሚያውቅ ነገራት። እሷ አራት ማሽን፣ በቀን አሥራ ሁለት ሰው፣ በፈረቃ ሁለት ነርስ እንዳላት ቆጠረችለት፤ ለእያንዳንዱ ጫፍ ቆማ ብትጠብቅ የመጨረሻው ሰው በማግሥቱ እንደሚታጠብ ጨመረችበት።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አላት።

"አባቴ፣ እኔ ሳልሮጥ የሚታጠብ ሰው እዚህ ክፍል የለም" አለችውና ማሽኑን ከፈተች።

በወንበር ቁጥር ሁለት የሚቀመጠው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ይህን ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲሰማ ቆይቶ፣ እፍታን ለማስቀረት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ብሎ ጠየቀ። ሰዓት ሠሪው አሥራ አምስት ሰከንድ ለመፈተግ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ለመድረቅ፣ በሁለት ጫፍ አንድ ደቂቃ ብሎ መለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾፌሩ ስሙን ጋሽ ደቂቃ አለው፤ ስሙም ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ዘበኛው ድረስ በአንድ ሳምንት ተዳረሰ።

ሰዓት ሠሪው አሥራ አምስቷን ሰከንድ ከሱቁ አላመጣትም። ከግድግዳው ነው ያነበባት። በእጅ መታጠቢያው አጠገብ ባሕር ዳርቻ የተሣለበት ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ዓመቱ አልቆ የቀረው ለሥዕሉ ነው። ከሥሩ የሆስፒታሉ የራሱ ማስታወቂያ፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ፣ በሁለት ጣት ስፋት ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። ሰዓት ሠሪው ያቺን ሁለት ጣት ያን ሰኞ ከመያያዙ በፊት እጁን ሲታጠብ አይቷት ኖሮ፣ የቀን መቁጠሪያውን ከምስማሩ አወረደ። "የካቴተሩን ጫፍ አሥራ አምስት ሰከንድ ፈትጉ፤ በራሱ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ማስክ አታውርዱ" ይላል። አነበበው፤ የቀን መቁጠሪያውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሄደ። ረቡዕ ሲመጣ ባሕሩ ተመልሶ ተሰቅሏል። አወረደው። ዓርብ ተሰቅሎ ጠበቀው። አወረደው። ሾፌሩ ባሕሩ ማዕበል እንደበዛበት ተናገረ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ሰዓት ሠሪው ትልቅ የሰከንድ ዘንግ ያለው የጠረጴዛ ሰዓት ይዞ መጥቶ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። ነርሶቹ እያጉረመረሙም ቢሆን ለእሱ ይፈትጋሉ፤ ሰባት ሰከንድ ላይ፣ ስምንት ላይ ያቆማሉ፤ ከዚያ ከንፈራቸው ይሾላል። እሱ ገመዱን በመዳፉ ይጋርዳል። ጥጡ ይጣላል፣ ጓንት ይቀየራል፣ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ ከጠዋቱ አራት ታካሚዎች መጨረሻ እንዲያያዝ ተራውን አወረዱት። ሾፌሩ ዝም አይነቅዝም ብሎ በወዳጅነት መከረው።

"ዝም ያለ ሰዓት ቆሟል" አለው ሰዓት ሠሪው።

በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ ክፍሉ ነርስ ጎድሎበት ነበር። እጀ ላባ ብቻዋን አራቱንም ማሽን ይዛለች፤ ፀጉሯ ከቆቧ ሥር አምልጦ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል። ወደ ወንበር ቁጥር ሦስት ስትደርስ ጥጡን አንዴ አሳርፋ ጎንበስ አለች። መዳፉ ቀደማት። ቀና ብላ አየችው፤ ጥጡን ጣለችው። ከመሳቢያ አንድ ቅጽ አውጥታ ደረቱ ላይ አስቀመጠች። ሕክምናውን በራሱ ፈቃድ እንዳልፈለገ የሚፈረምበት ቅጽ ነው። ወይ ይፍቀድ፣ ወይ ይፈርምና ወደ ቤቱ ይሂድ አለችው።

ሰዓት ሠሪው የማጉያ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ ዓይኑ ላይ ገጠመና ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበው። "ሕክምናውን አልፈልግም" ከሚለው ላይ "ሕክምናውን" የምትለዋን ቃል በአንድ ቀጭን መስመር ሠረዛት፤ በላይዋ "እፍታውን" ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ፤ መለሰላት። ነርሷ የተሠረዘ ቅጽ አይሠራም አለች። እሱ ያልተሠረዘው እውነት አይደለም አለ። ክዳኑ ተመልሶ ተገጥሞ፣ ማሽኑ ሳይከፈት፣ ሰዓቱን ብብቱ ሥር አድርጎ ሳይታጠብ ወጣ።

ኩላሊት የሌለው ሰው አንድ ተራ ሲያልፈው ውሃው መሄጃ የለውም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሴት ልጁ ከሥራ ስትመለስ አባቷ መስኮቱ ሥር ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ጋደም ሲል ትንፋሹ ያጥራል። የጫማው ማሰሪያ ተፈትቷል። ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቷ ስትጫነው ጎድጓዳው አልሞላ አለ። እሷ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስልክ ተቀባይ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የተቆጣ ሰው ስታለዝብ ነው የምትውለው። ለአባቷ ግን የተረፋት ልስላሴ አልነበረም። ሐኪም ቤት ገብቶ ከነርስ የሚጣላ ሰው አንገቱን ለቢላ ሰጥቶ ከባለ ቢላው የሚጣላ ነው አለችው። ያቺ ሴት ሰው ሁሉ የሚመርቃት ሴት እንደሆነች፣ ነገ ጠዋት ይቅርታ እንዲጠይቃት፣ እምቢ ካለም እሷ በእሱ ስም እንደምትጠይቅ ነገረችው።

"አባዬ፣ ለአንዲት እፍታ ልትሞት ነው?"

"በአንዲት እፍታ ከምሞት፣ ለአንዲት እፍታ ብሞት ይሻለኛል።"

ልጁ ጎንበስ ብላ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር ጀመረች፤ እግሩ ስላበጠ አልደርስ አለ። ተወችው። ድምፅዋን ቀንሳ፣ የመጀመሪያውን ገመድ የመረዘችው እውነት ያቺ እፍታ ናት ብሎ ያምን እንደሆነ ጠየቀችው። አላውቅም አላት። የሚያውቀው ክንዱ ሊደርስ ስምንት ሳምንት እንደቀረው ብቻ ነው። ክንዱን ወደ ጆሮዋ አስጠግቶ አሰማት። የተገናኙት ደም ሥሮች ከቆዳው ሥር እንደ ድመት ያንኮራፋሉ። በየጠዋቱ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት የራሱን ክንድ ጆሮው ላይ አድርጎ ይሰማዋል። "ይሄ እስካልቆመ ድረስ ይቅርታ የምጠይቅበት ጊዜ የለኝም" አለ።

ዓርብ ጠዋት ልጁ አብራው ሄደች፤ ደረጃውን ደግፋው ወጣ። በመጨረሻ ተራ ላይ ስላለ የመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። በሩ ክፍት ነው። ሾፌሩ የመጀመሪያው ተራ የእሱ ነው፤ ወንበሩ ላይ ወጥቷል፤ ነርሷ ጥጥ ይዛ ስትቀርብ ሁለት እጁን ገመዱ ላይ ከመረ። ጋሽ ደቂቃ ሳይታጠብ አልታጠብም አለ። ነርሷ ዛሬ የቀልድ ቀን አይደለም አለችው።

"ቀልድ አይደለም፣ ሲስተር። ሰዓቴ እሱ ጋ ነው። ተፈታትቶ ተቀምጧል። ሰውየው ከሞተ ማን ይገጥምልኛል?"

ሳቁ ከወንበር ወደ ወንበር ዞረ። ሾፌሩ ግን እጁን አላነሳም። ባለፈው ወር እሱም አንድ ቀን ተንቀጥቅጦ እንደነበር፣ "ያጋጥማል" እንደተባለ፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን የሚጨፍነው እንቅልፍ ስለያዘው ሳይሆን የሚሆነውን ላለማየት እንደሆነ ተናገረ። ይህን ሲናገር አልቀለደም።

ነርሷ በበሩ በኩል ወደ አግዳሚው አየች። ሰዓት ሠሪው ጫማውን አውልቆ ጎኑ ላይ አስቀምጧል፤ እግሮቹ ወለሉ ላይ እንደ ሁለት ትራስ ተዘርግተዋል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሰው ሳይታጠብ መልሳ አታውቅም ነበር። ጥጡን አስቀመጠች፤ መጥታ እሱ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"እሺ ካልኩ፣ ያ የመጀመሪያው ገመድ የተመረዘው በእኔ ነው ማለት አይደለም?"

ሰዓት ሠሪው ይህን አልጠበቀም።

"አላውቅም። ሰዓት ለምን እንደቆመ ሁልጊዜ አይታወቅም። እንዳይቆም የሚደረገው ግን ይታወቃል።"

"ሃያ ስድስት ዓመት ነው የነፋሁት።"

"ሰኞ ሃያ ስድስት ዓመት ከሦስት ቀን እንዳይሆን።"

ነርሷ ብድግ አለች። ጉልበቷን ይዛ ነበር የተነሳችው። እሱን ፈርታ እንዳልሆነ፣ ቅጹንም እንዳልረሳች፣ የሆስፒታል ቅጽ የሠረዘ ሰው እንዳላየች እየነገረችው ክንዱን ይዛ ወደ ወንበር ቁጥር ሦስት ወሰደችው። ልጁ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

እጇን ታጠበች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ማስኳን አፍንጫዋ ላይ ጫን አደረገችው። ቀዩን ክዳን ፈታች። "ይቁጠሩ" አለችው። ሰዓቱ ጭኑ ላይ ነው። ጥጡን የገመዱ አፍ ላይ አድርጋ፣ ድስት ያረረበት ሰው እንደሚፈትግ፣ ጠርዙንና ጎድጓዳውን እያዞረች ፈተገችው። አሥራ አምስት ላይ አቆመች። አልኮሉ ያበራል። አሁን የቀረው መቆም ብቻ ነው፤ ለእሷ ከባዱም ይኸኛው ነበር። ሰዓት ሠሪው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በክዳኑ ውስጥ ያያታል። ስድስት ላይ ማስኳ ተነፋ፣ መልሶ ሟሸሸ። ከንፈሯ ሳታዘው ሾሏል።

"እሱ ማስኩ ውስጥ ነው፤ አልወጣም" አለችው።

"አይቻለሁ" አላት።

ደረቀ። ገጠመችው። ሰማያዊውንም እንዲሁ። ማሽኑ ሲከፈት ሾፌሩ እጁን ከገመዱ ላይ አነሳና፣ ለእሱም በዚያው ሰዓት እንዲቆጠርለት፣ ሰከንድ እንዳይበላበት አሳሰበ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም። እጀ ላባ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እሱም አልጠየቀም። በቀጣዩ ረቡዕ ባሕሩ እንደገና ተሰቅሎ አገኘው፤ ግን ምስማሩ ወደ መስኮቱ በኩል ተዛውሯል፤ ማስታወቂያው ብቻውን ቀርቷል። እሷ በሌለችበት ፈረቃ አንዲት ወጣት ነርስ እፍ አለች፤ መዳፉ ቀደማት፤ ሲስተር ራሷ እንዲህ ነበር ያስተማረችን ብላ ስትሟገት፣ አሁን እንዴት እንደምታስተምር ሄዳ እንድትጠይቃት ነገራት። ሌላ ቀን አንዱ ነርስ ሰከንዱን አሥራ ሁለት ላይ ቆረጠበት። እንደገና አስጀመረው። ጋሽ ደቂቃ የሚለውን ስም እንደ ስድብ የሚጠራበት ሰውም ነበር፤ እሱ ግን አቤት ይላል። ሱቁ ውስጥ ደግሞ የሾፌሩን ሰዓት ገጥሞ ከጨረሰ ቆይቷል። ሾፌሩ አልወሰደውም። እሱ ጋ ይቀመጥ፣ ዋስትና ነው አለ።

ስምንቱ ሳምንት አለቀ። ገመዱ በሦስት ወር ውስጥ አንድም ቀን አላንቀጠቀጠውም። እንዲህ የሆነው በአሥራ አምስቷ ሰከንድ ይሁን አይሁን ሰዓት ሠሪው አይናገርም፤ ሲጠየቅ ቅንድቡን ብቻ ያነሳል። ትናንት ዓርብ ወጣቱ ሐኪም ክንዱን በጣቱ ዳሰሰ፣ አዳመጠ፣ ደርሷል አለ። ከዚያ ማስጠንቀቂያውን ጨመረ፦ አዲስ ደም ሥር ላይ የመጀመሪያው መርፌ ወሳኝ ነው፤ ካመለጠ ደም ከቆዳ ሥር ይፈሳል፣ የሦስት ወሩ ልፋት ሊበላሽ ይችላል። እሱ ራሱ ሊወጋው ይችላል፤ ከሌላ ሆስፒታል ሰው ማስመጣትም ይቻላል። ማንን እንደሚመርጥ ጠየቀው።

ሰዓት ሠሪው አላሰበበትም። በአገጩ ወደ እጀ ላባ አመለከተ።

ነርሷ በወንበር ቁጥር አንድ ላይ ጎንበስ ብላ እየፈተገች ነበር። አሥራ አምስት እስኪሞላ ቀና አላለችም። ሲሞላ ቀና አለች።

"ክንድዎን ጠርጌ እፍ ካልኩበትስ?"

"ዳግመኛ ትጠርጊዋለሽ" አላት። "እኔ ጊዜ አለኝ።"

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወንበር ቁጥር ሦስት ላይ ይቀመጣል። ሁለት መርፌ ይገባል፤ ሁለቱንም የምትወጋው እሷ ናት። ክንዱ ሁለት ሳምንት መርፌውን ከቻለ ገመዱ ይነቀላል።